«የአካባቢው» የሚባል ዘር የለም

በአገራችን የዝርያ ሙከራ ውጤት የሚወጣበትን ሠንጠረዥ ያየ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል። እጩዎቹ በኮድ ይደረደራሉ። ከእነሱ ቀጥሎ ቀደም ሲል የተለቀቀ አንድ ዝርያ ከነስሙ ለማወዳደሪያነት ይገባል። ከሁሉም ታች፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ «የአካባቢው» ወይም «ሎካል» የሚል ረድፍ አለ። ቁመቱ ተለክቷል፤ በስንት ቀኑ እንደደረሰ ተቆጥሯል፤ በሄክታር የሰጠው ኩንታል እስከ ነጥቡ ድረስ ተጽፏል። ስም ግን የለውም። ከየትኛው ቀበሌ፣ ከማን ጎታ ተዘግኖ እንደመጣም አይነገርም። ዘሩን የሰጡት ገበሬ ምን እንደሚባል ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ የጠየቃቸው የለም እንጂ።

ከዚህ ረድፍ ጀርባ በግብርና ቢሮውም፣ በዩኒቨርሲቲውም፣ በዘር ነጋዴውም ዘንድ ሥር የሰደደ አመለካከት አለ። ስም የሚወጣለትና መዝገብ የሚገባው ተመራማሪ ያወጣው ዝርያ ነው ይላል። የገበሬው ዘር ቅይጥ ነው፤ ወጥነት የለውም፤ ስሙም በየመንደሩ ይለያያል፤ እንዴት ተብሎ ይመዘገባል? ደግሞስ ለገበሬው የሚጠቅመው ምርቱ ነው ወይስ ስሙ? እንዲህ የሚሉት ሰዎች ለገበሬው ክፉ አሳቢዎች ናቸው አልልም፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ማሳ ለማሳ ሲዞሩ የጨረሱ ናቸው። ግን ተሳስተዋል፣ ስሕተቱም ዋጋ አስከፍሎናል፤ ገና ያስከፍለናል።

ከራሳችን ከጎጃም ልጀምር። በይልማና ዴንሳ ወረዳ የሚገኘው የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ከ1986 ጀምሮ በጤፉ፣ በስንዴው፣ በድንቹ፣ በዳጉሳው ብዙ ደክሟል። (ከአዋጆቹ በቀር ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስም አወጣጡን እወድለታለሁ። በ2005 የለቀቀው አንድ ጤፍ «ይልማና» ይባላል፤ «ዴንሳ» የሚባል የዳቦ ስንዴም አለው፤ ሁለቱን ብታጋጥሟቸው የወረዳው ስም ይሞላል። አንዱ ድንች «ዘንገና» ነው፣ ከቡሬ ወደ እንጅባራ ሲኬድ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ባለው ሐይቅ ስም። ሌላው ድንች «ጓሳ»፣ ዳጉሳው «መጫ» ነው። ቢሮ ቁጭ ብሎ ከመዝገበ ቃላት ስም ከመልቀም፣ አገሩን ለሚያውቅ ሰው የሚጥም ስም ማውጣት ይሻላል።

የሚገርመኝ ሌላው ነው። ወረዳው ለአንድ የጤፍ ዝርያ ስሙን አውሷል፤ በወረዳው ውስጥ ለትውልድ ሲዘሩ የኖሩት ጤፎች ግን አሁንም «ሎካል» ናቸው። በቆሎው ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ፓዮኒር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ወደ ኢትዮጵያ ካስገባቸው ዲቃላ በቆሎዎች ውስጥ «ጃቢ» እና «ሽንዲ» የሚባሉ ነበሩ። አንዱ የፍኖተ ሰላም ዙሪያ ከሆነው ከጃቢ ጠህናን፣ ሌላው ከወንበርማ ወረዳ ዋና ከተማ ጋር ሞክሼ ነው። የባሕር ማዶ ዲቃላ የእኛን አገር ስም ይዞ መዝገብ ሲገባ በሩ ሰፊ ነበር። እዚያው ጃቢና ሽንዲ የኖረ ዘር በራሱ ስም ልግባ ቢል ግን መሥፈርት አታሟላም ይባላል።

መሥፈርቱ ምን ይላል? አንድ ዝርያ በኢትዮጵያ እንዲመዘገብ ከሌሎች ተለይቶ መታወቅ፣ ወጥ መሆንና ከዓመት ዓመት ጠባዩን አለመለወጥ አለበት። በተጨማሪም በተለያዩ ቦታዎች ለዓመታት ተፈትኖ ከነበረው መብለጡ መታየት አለበት፤ ከዚያ በ10 በ10 ሜትር መደብ ላይ፣ በማዕከሉም በገበሬ ማሳም ተዘርቶ፣ የአጽዳቂ ኮሚቴው ሰዎች በዓይናቸው አይተው ይወስናሉ። ጥሩ አሠራር ነው፤ ለሚሸጥ ዘር ከዚህ ባነሰ መስማማት የለብንም። ቢኤች-661 ተብሎ የተሸጠለት በቆሎ ሌላ ሆኖ ቢያገኘው ገበሬው የሚከራከርበት ሰነድ የሚኖረው በዚህ አሠራር ምክንያት ነው። ችግሩ ይህ በር ብቸኛው በር መሆኑ ነው። ዝርያን ማጽደቅ አንድ ነገር ነው፤ ዝርያ መኖሩን መመዝገብ ሌላ ነገር ነው። ማጽደቅ «ይህን ዝሩ፣ ይጠቅማችኋል» ማለት ነው። መመዝገብ «ይህ ዘር አለ፣ ስሙ ይህ ነው፣ የተገኘው ከዚህ ነው» ማለት ብቻ ነው። እኛ ሁለቱን አንድ አድርገን ስላሰርናቸው፣ ያልጸደቀ ሁሉ እንደሌለ ይቆጠራል።

መለያየት እንደሚቻል ለማየት ከእህል ወጣ ብለን ወደ አንድ የቅንጦት አበባ፣ ወደ ኦርኪድ እንሂድ። በ1856 በእንግሊዝ አገር ኤክሰተር ከተማ፣ በቬች ቤተሰብ የችግኝ ጣቢያ የሚሠራ ጆን ዶሚኒ የሚባል አትክልተኛ ያዳቀለው ካላንቴ አበበ፤ በሰው እጅ ተዳቅሎ ያበበ የመጀመሪያው ኦርኪድ ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ አዳቃዩ በዛ፤ ስሙም ተምታታ። አንድ ዲቃላ በሁለትና ሦስት ስም ሲሸጥ፣ አንድ ስም ለተለያየ ዲቃላ ሲሰጥ፣ ገዢ የገዛውን ማወቅ አቃተው። ፍሬድሪክ ሳንደር የተባለ የኦርኪድ ነጋዴ በ1895 ዲቃላዎቹን ከነወላጆቻቸው መዝግቦ መያዝ ጀመረ፤ በ1906 ዝርዝሩን በመጽሐፍ አወጣው። ከ1961 ወዲህ መዝገቡ በእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር እጅ ነው፤ በውስጡ ያሉት ዲቃላዎች ከመቶ ሺህ አልፈዋል።

ሕጉ አጭር ነው። ሁለቱን ወላጆች ሳትናገር ዲቃላህ አይመዘገብም። እነዚያኑ ሁለት ወላጆች ሌላ ሰው በሌላ አገር፣ በሌላ ዘመን ቢያዳቅላቸው ልጆቹ የሚጠሩት በዚያው በቀደመው ስም ነው። መዝጋቢው አበባው ያምራል አያምርም ብሎ አይፈርድም፤ ሽልማቱን የሚሰጡ ዳኞች ሌሎች ናቸው። በዚህ የተነሳ ዛሬ የተመዘገበን አንድ ዲቃላ ይዞ፣ ወላጁን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየቆጠረ ወደ ኋላ የሄደ ሰው መጨረሻው ከጫካ የተገኘ፣ ስም ያለው ዱር በቀል አበባ ላይ ይደርሳል። ይህን ሁሉ ልፋት የለፉት ለሳሎን ጌጥ ነው። እንግዲህ ሕዝብ የሚበላውን ጤፍ የዘር ሐረግ እንቁጠር።

ቁንጮን የማያውቅ የጎጃም ጤፍ አምራች ያለ አይመስለኝም። በ2006 ከደብረ ዘይት ማዕከል የተለቀቀ ዲቃላ ነው፤ የኮድ ስሙ ዲዜድ-ሲአር-387። ወላጆቹ ዲዜድ-01-974 እና ዲዜድ-01-196 ናቸው። የመጀመሪያው ዱከም ተብሎ የተለቀቀው፣ ብዙ የሚሰጥ ጤፍ ነው። ሁለተኛው ማኛ ነው፤ ንጣቱ ገበያ ላይ ዓይን ይስባል፣ ምርቱ ግን ያንሳል። የአንዱን ምርትና የሌላውን ንጣት በአንድ ማግኘት ትልቅ ሥራ ነበር። ጤፍ ራሱን የሚያዳቅል፣ አበባው ከዓይን የሚሰወር ደቃቃ ስለሆነ፣ ዶክተር ታረቀ በርሄ በ1970ዎቹ አጋማሽ አበባው የሚከፈትባትን የማለዳ ሰዓት ደርሰውባት መንገዱን እስኪያሳዩ ድረስ፣ በእጅ ማዳቀሉ አይሞከርም ይባል ነበር። ይህን ታሪክ በኩራት ነው የምጽፈው።

ነገር ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንሂድ። ዲዜድ-01 የሚል መነሻ ያላቸው ጤፎች ከገበሬ ማሳ ተሰብስበው፣ ከዚያው ውስጥ ተመርጠው የወጡ ናቸው። የቁንጮ አያቶች እንግዲህ ማንም ተመራማሪ ያልሠራቸው፣ ገበሬዎች ሲመርጡና ሲያቆዩ የኖሩ ጤፎች ናቸው። ሰነዱ ላይ ግን ሐረጉ 196 እና 974 ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንደር፣ ገበሬው ሲጠራበት የነበረው ስም ከቁጥሩ ጋር አብሮ አልተጓዘም። የኦርኪዱ መዝገብ እስከ ጫካው ድረስ ሲያደርሰን፣ የእኛው እስከ መጋዘኑ በር አድርሶ ይመልሰናል።

«ቢጠፋስ ምን ቀረብን?» ለሚል መልሱን ገብስ ይናገር። በ1937 እና 1938 የጀርመን የጥናት ቡድን ኢትዮጵያ ገብቶ የገብስ ዘር ሰበሰበ። ከሰበሰባቸው መካከል ኤል-92 እና ኤል-100 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ሁለቱ አመዳይ የሚባለውን የቅጠል በሽታ የሚከላከል ባሕርይ ተገኘባቸው። ያ ባሕርይ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓ የፀደይ ገብስ ውስጥ ገብቶ፣ በሽታው እስካሁን ያልሰበረው መከላከያ በመሆኑ በዕፅዋት ሳይንስ ስሙ የገነነ ነው። ካሊፎርኒያም ቢጫ ድንክዬ የተባለው ቫይረስ ገብሷን ሲያጠፋባት መከላከያውን ያገኘችው ከኢትዮጵያ ገብሶች ነው። ኤል-92 የየትኛው አገር ሰው ገብስ ነበር? እናት አባቱ ምን ብለው ይጠሩት ነበር? ለቆሎ ነው ወይስ ለጠላ? ለዚህ ሁሉ ውለታ አንድ ቀበሌ እንኳ ተነሥታ «ይህ የእኛ ነው» ማለት አትችልም፤ የያዘችው ወረቀት የለማ።

የጤፉን ክርክር ደግሞ ሁላችንም እናስታውሳለን። በ2005 የያኔው የብዝሃ ሕይወት ተቋምና የግብርና ምርምር ድርጅቱ ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር በጤፍ ላይ ስምምነት ተፈራረሙ። ኩባንያው በአውሮፓ የፓተንት ቢሮ የጤፍ ዱቄትን የሚመለከት ፓተንት በ2007 ወጣለት፤ በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ እጅ አልፎ በኔዘርላንድስ እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ ቆየ። ያን ጊዜ የሄግ ፍርድ ቤት በሁለት የኔዘርላንድስ ኩባንያዎች መካከል በተነሣ ክስ አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ውድቅ አደረገው። መዝገብ ቢኖረን ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ፓተንቱ የጠየቀው ዱቄት እንጂ ዝርያ አልነበረም። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ክስ የሚያሸንፈው «ይህ ነገር ከአንተ በፊት ይታወቅ ነበር» የሚል፣ ቀን ያለው የሕዝብ ሰነድ ነው። እኛ የምናቀርበው ምን ነበር? «ሎካል» የሚል ረድፍ?

ስም ገንዘብ መሆኑን ደግሞ በቡናው ያወቅነው ነገር ነው። መንግሥት ከ2005 ጀምሮ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነሥቶ፣ ከስታርባክስ ጋር ተከራክሮ፣ በ2007 ተስማማ። ያን ጊዜ «ዋናው ምርቱ ነው፣ ስሙ ምን ያደርጋል» ያለ የግብርና ባለሙያ አልሰማሁም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ፤ ቀላል የሆኑም ያልሆኑም አሉባቸው።

የመጀመሪያው የገበሬ ዘር ቅይጥ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ጤፉ ውስጥ ብዙ ዓይነት አለ፣ ገብሱም እንዲሁ። ነገር ግን ጤፍ፣ ገብስና ስንዴ ራሳቸውን ስለሚያዳቅሉ፣ ቅይጡ ከዓመት ዓመት በዘፈቀደ አይገለባበጥም፤ ገበሬው እየለየ ስለሚይዘው መልክ አለው። የሚደርስበት ጊዜ ከዚህ እስከዚህ፣ ቀለሙ በአብዛኛው ይህ፣ ቁመቱ ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ወጥነት የነጋዴ ፍላጎት ነው፤ የከረጢቱ ዘር አንድ ዓይነት ካልሆነ አይሸጥም። ለመታወቅ ግን ወጥ መሆን ግድ አይደለም። የበቆሎው ነገር እንደሚለይ አምናለሁ፤ ከጎረቤት ማሳ በነፋስ እየተዳቀለ ስለሚውል፣ በጃቢ ጠህናንና በቡሬ ዲቃላ በተዘራበት መካከል የቆየ የገበሬ በቆሎ የትናንቱ ነው ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ከበቆሎ አንጀምር።

ሁለተኛው፣ አንድ ስም ለብዙ ዘር፣ ብዙ ስም ለአንድ ዘር ይሰጣል የሚለው ነው። ባለፉት ዓመታት በዲኤንኤ ምርመራ የተደረጉ ጥናቶች ገበሬው «የዘራሁት ይህ ነው» ያለውና ቤተ ሙከራ ያገኘው ብዙ ጊዜ እንደማይገጥም አሳይተዋል። ይህን የሚያነሡ ሰዎች ክርክሩን የጨረሱ ይመስላቸዋል። ልብ በሉ ግን፤ በእነዚህ ጥናቶች ላይ የተምታቱት በመንግሥት መዝገብ ያሉት፣ ኮሚቴ ያጸደቃቸው የተሻሻሉ ዝርያዎች ጭምር ናቸው። መምታታቱ እነሱን ከመዝገብ ካላስወጣ፣ የገበሬውን ዘር ከመግባት ሊከለክለው አይገባም። ሳንደርም መዝገብ የከፈተው ስሙ ስለጠራ ሳይሆን ስለተምታታ ነው።

የመንደር ስም ሥራውን እንደሚሠራ ለማየት ደግሞ ጣና ዳር ያለውን ሩዝ ተመልከቱ። ኤክስ-ጅግና የሚባለው ሩዝ በ1980ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በነበሩበት ጊዜ በጅግና ኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል ገብቶ፣ በአጽዳቂ ኮሚቴ በር ሳያልፍ ፎገራን አጥለቀለቀ። ወላጆቹ በሰነድ አልተያዙም፤ ያወቀው ሰው ሁሉ የጠራው በገባበት መንደር ስም ነው። አዴት ከዚያ በኋላ ጉማራንና ሌሎችንም ለቋል፤ ገበሬው ግን ገበያ የለመደውን ነጩን ሩዝ ለረጅም ዘመን ሙጥኝ ብሎ ኖሯል። ይህ ዘር የአንድ ሜዳ ሕዝብ ኑሮ የቀየረ ነው። ሲገባ ከየት፣ በማን፣ ከምን ተወልዶ እንደመጣ አንድ ገጽ ተጽፎለት ቢሆን ዛሬ በሽታ ሲያጠቃው ዘመዶቹን ፈልጎ መድኃኒት ማበጀት ይቀል ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ወጪ ነው፤ እሱን እንኳ በአጭሩ ልለፈው። ለማጽደቅ የሚወጣውን ገንዘብ ለመመዝገብ ማውጣት አያስፈልግም። ለመዝገቡ የሚበቃው አንድ ጆንያ የማይሞላ ናሙና፣ ሁለት ገጽ ቅጽና ዘሩን የሚያውቁ አዛውንቶች ናቸው።

አራተኛውን ተቃውሞ በግልጽ የሚናገረው የለም፤ ከሁሉም የሚያስፈራው ግን እሱ ነው። የገበሬው ዘር ስም ካገኘ ባለቤት ይኖረዋል፤ ባለቤት ካለው ደግሞ ፈቃድ መጠየቅ፣ ጥቅም መጋራት ይመጣል። ሕጉ ይህን አስቀድሞ ብሏል፦ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቦች ከዘረመል ሀብታቸው ከሚገኘው ጥቅም እንዲካፈሉ ደንግጓል። በ1998 በዚያው ጊዜ የወጣው 481ም የአዳቃይን መብት ሲያቆም የገበሬውን መብት አልዘነጋም። የቀድሞው የዘር አዋጅ 782/2005 ደግሞ አርሶ አደሮች ከራሳቸው ማሳ ያገኙትን ዘር እርስ በርስ መለዋወጣቸውን ከቁጥጥሩ ውጭ አድርጎት ነበር። መልካም ነው። ነገር ግን ስም የሌለው ሀብት ጥቅሙ ለማን ይካፈላል? «ለአካባቢው» ይሆን? መብቱን በአዋጅ ሰጥተን ማስረጃውን በሠንጠረዥ ነጥቀናል።

ገበሬው ለዘር የሚያወጣው ስም ምን ያህል ዕውቀት እንደሚይዝ ለሚጠራጠር የወሎን ማሽላ ልጥቀስለት። እዚያ «ወተት በጉንጬ» የሚባል ማሽላ አለ፤ እሸቱ እየተጠበሰ ይበላል። በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዓለም የማሽላ ስብስብ ውስጥ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን አካል ከተለመደው በብዙ የበዛባቸው ሁለት ማሽላዎች አገኘን ብለው ጻፉ፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። በጽሑፋቸው ላይ አይኤስ-11167 እና አይኤስ-11758 ይባላሉ። የወሎ ሰው ላይሲን የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም፤ እህሉ እንደ ወተት የሚያበረታ መሆኑን ግን አውቆ በስሙ ላይ አኑሮታል። ዶክተር መላኩ ወረደ በ1976 የተቋቋመውን የዘር ባንክ እየመሩ ዘሩ በጂን ባንክ ማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም ይጠበቅ ብለው የተከራከሩት፣ ለዚህም በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ያገኙት፣ ዕውቀቱ ከዘሩ ተለይቶ እንደማይኖር ስለገባቸው ይመስለኛል። ማቀዝቀዣው ፍሬውን ያቆያል፤ የሚዘራበትን ጊዜ፣ የሚስማማውን አፈርና የሚሆነውን ወጥ ግን ካልተጻፈለት አያስታውስም።

ጭራሽ አልተሞከረም እንዳይባል፣ በ2017 በትግራይ ገበሬዎች ራሳቸው ከመረጧቸው የቆዩ የዱረም ስንዴ ዘሮች ሁለቱ ጸድቀው ተለቀዋል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ነገር ግን እነሱም የገቡት በዚያው በጠባቡ በር፣ ለዓመታት ተፈትነው፣ በልጠው ተገኝተው ነው። እኔ የምጠይቀው ሳይበልጥም የሚመዘገብበትን ሁለተኛውን በር ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። የግብርና ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያወጣው የዝርያ መዝገብ ላይ ለገበሬ ዝርያዎች ራሱን የቻለ ክፍል ይጨመርበት። ስሙ፣ ሌሎች መንደሮች የሚጠሩበት ስም፣ ቀበሌው፣ የቦታው ከፍታ፣ የሚዘራበትና የሚታጨድበት ወር፣ የሚውልበት ምግብ ወይም መጠጥ፣ ያቆዩት ሰዎች የፈቀዱት መረጃ ይጻፍ። ናሙናው በዚያው ስም ወደ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይሂድ። ዲቃላ የሚያስመዘግብ ማዕከልም ሆነ ኩባንያ ወላጆቹን ይናገር፤ ከወላጆቹ አንዱ ከገበሬ የተወሰደ ከሆነ ስሙና ቀበሌው ይጠቀስ። የምርምር መጽሔት አዘጋጆችም «ሎካል» የሚል ረድፍ ያለበትን ጽሑፍ «የማን? ከየት?» ብለው ይመልሱ።

ለምዕራብ ጎጃም መነሻ ሰብል የምመርጠው ግብጦን ነው። ድንቹም ስንዴውም ጠባቂ አላቸው፤ ለግብጦ ግን የሚሽቀዳደም የዘር ኩባንያ የለም። በተራቆተ መሬት ላይ፣ ብዙም ሳይታረስለት ይበቅላል፤ ተቆልቶ፣ መራራውን ለማውጣት ቀናት በውሃ ተዘፍዝፎ ይበላል፤ ከአረቄ ጋር ሲቀርብ ደግሞ የሚያውቀው ያውቀዋል። የትኛው ቶሎ እንደሚለቅ፣ የትኛው ስንት ቀን ቢነከርም መራራነቱ እንደማይጠፋ የሚለዩት ጎረምሶች ሳይሆኑ እናቶች ናቸው። የወረዳው ልማት ሠራተኛ በሚመጣው በጋ፣ ከመውቂያው በኋላ ሥራ ቀለል ሲልለት፣ ቅጹን ይዞ እነሱ ዘንድ ይሂድ። ስሙን እነሱ ይንገሩት፤ እሱ ይጻፍ።